«ጥንዶችን በምሽት ደጅ ማንሳት ይቅር» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በወሎ ፎቶ አንሺዎች ዘንድ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ ለእኔም ደርሶኝ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው በሙያው ብዙ የቆዩ ሰው መሆናቸው ከአነጋገራቸው ያስታውቃል፤ በጨለማ ክፍል ፊልም ያጠቡ፣ ጉርድ ፎቶ በመቀስ የከረከሙ ሰው ናቸውና የምመልሰው እንደ ታናሽ ሆኜ ነው። የጽሑፋቸው ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ በደሴ፣ በኮምቦልቻና በሐይቅ ሙሽሮችንና እጮኛሞችን ፀሐይ ከገባች በኋላ ደጅ አውጥቶ ማንሳት ይቅር፤ ፎቶው አያምርም፤ የሚጠይቀው ዕቃ ከአቅማችን በላይ ነው፤ አብዛኛው በኮምፒውተር የተሠራ ሐሰት ነው፤ ነገሩ የቅርብ ጊዜ ፋሽን፣ ለባህላችንም ባዕድ ነው፤ ለደኅንነትም ለጤናም አያመችም፤ በመጨረሻም ከጨለማ ውስጥ ወሎን የሚያሳይ ፎቶ አይወጣም። ስድስት ነጥብ መሆኑ ነው። በቅደም ተከተላቸው እመልሳለሁ፤ ስድስቱ እኩል ክብደት ስለሌላቸው ግን እኩል ቦታ አልሰጣቸውም።

የመጀመሪያው ነጥብ የጽሑፉ ምሰሶ ነው። ማታ ብርሃን የለም፣ ያለ ብርሃን ፎቶ የለም፣ የሚገኘው ኖራ የተቀባ ፊትና ከኋላው ጥቁር ግድግዳ ብቻ ነው ይላሉ። ኖራ የተቀባውን ፊት አውቀዋለሁ፤ እኔም አንስቼዋለሁ። ሥራ በጀመርሁበት ዓመት አንድ ጥንድ ሐይቅ ዳር ወስጄ፣ ፍላሹን ካሜራው አናት ላይ ሰክቼ፣ ከፊት ለፊት እያበራሁ ስልሳ ያህል ፎቶ አነሳሁ። የሙሽሪት የሐበሻ ቀሚስ ጥለቱ ሳይቀር ነጥቶ ጠፋ፤ የሙሽራው ዓይን እንደ ፍም ቀላ፤ ያን ያህል መንገድ የሄድንለት ሐይቅ ደግሞ ጭራሽ አልነበረም። የሙሽሪት እናት አልበሙን ገልጠው ከጨረሱ በኋላ «አንተ ልጅ፣ ልጆቼን ጉድጓድ ውስጥ ከተህ ነው ያነሳሃቸው?» አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም።

ጉድጓዱን የቆፈርሁት ግን እኔው ነበርሁ። ብርሃን ከምንጩ ሲርቅ የሚዳከመው በርቀቱ ካሬ ልክ ነው። ፍላሹ ከጥንዶቹ 2 ሜትር ቢርቅና ከኋላቸው ያለው ዛፍ ከፍላሹ 8 ሜትር ቢርቅ፣ ዛፉ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ጥንዶቹ ላይ ከሚያርፈው አንድ አሥራ ስድስተኛው ብቻ ይሆናል፤ ማዶ ወዳለው የከተማ መብራት ሲደረስማ የፍላሹ ብርሃን ከቁጥር አይገባም። በዚህ ላይ ብርሃን የሚያስገባው የካሜራው መዝጊያ ማለትም ሹተሩ በ1/200 ሰከንድ ተከፍቶ ከተዘጋ ከኋላ ያለው ደካማ ብርሃን ሊመዘገብ የሚችልበት ጊዜ አያገኝም። ጥቁሩ ግድግዳ የሚገነባው እንዲህ ነው። የቀላው ዓይንም ምክንያቱ ሩቅ አይደለም፤ በጨለማ የሰፋው ብሌን ከሌንሱ አጠገብ የሚነሳውን ብርሃን ወደ ውስጥ ያስገባና ከዓይኑ ጀርባ ያለውን የደም ሥር ቀለም ይዞ ወደዚያው ወደ ሌንሱ ይመልሰዋል። ፍላሹ ከሌንሱ ጎን ሲርቅ ቅላቱም ይጠፋል።

መፍትሔው ከዚያው ሕግ ውስጥ ይወጣል። ጥንዶቹን የሚያሳየው ፍላሹ ነው፣ ከኋላቸው ያለውን ከተማ የሚያሳየው ደግሞ ሹተሩ የሚቆይበት ጊዜ ነው፤ ሁለቱ ለየብቻ የሚከፈቱና የሚዘጉ ቧንቧዎች ናቸው። ከቶሳ ተራራ ግርጌ ካለው ዳገት ላይ ቆሞ ደሴን ቁልቁል የሚያይ ፎቶ አንሺ ካሜራውን ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ማለትም ትራይፖድ ላይ አድርጎ፣ ለብርሃን የመሰማት አቅሙን ማለትም አይ ኤስ ኦውን 1600፣ የሌንሱን ቀዳዳ ማለትም አፐርቸሩን 2.8፣ ሹተሩን 1/8 ወይም 1/15 ሰከንድ ቢያደርግ የከተማው መብራት እንደሚታየው ሆኖ ይመዘገባል። ከዚያ ፍላሹን ከካሜራው ነቅሎ ለአንድ ረዳት ያስይዝ፤ ከጥንዶቹ በጎን በኩል፣ ከራሳቸው ትንሽ ከፍ ብሎ፣ አቅሙ ወደ 1/32 ወርዶ፣ በፊቱ ነጭ ጨርቅ ተጋርዶበት። በዚህ አቅም ፍላሹ የሚበራው ከሺህኛ ሰከንድ ላነሰ ጊዜ ስለሆነ፣ ሹተሩ ቢዘገይም ፊታቸው ጥርት ብሎ ይቀራል። አንድ ነገር ብቻ ይጠየቃሉ፦ ፍላሹ ከበራ በኋላ ሹተሩ እስኪዘጋ እንዳይነቃነቁ። ከተነቃነቁ የኋላው መብራት በትከሻቸው ላይ ያልፍና መንፈስ ያስመስላቸዋል። የእኛን የጠይም ፊት መልክ የሚያወጣውም ይኸው የጎን ብርሃን ነው፤ ጉንጩ ላይ ወዝ ያሳያል፣ ከአገጭ ሥር ጥላ ይተዋል፣ ፊቱን ፊት ያደርገዋል። ከፊት የመጣ ፍላሽ ሁሉንም ደልድሎ ያልፋል። ጸሐፊው ያማረሩበት ኖራ ይህ ነው፤ ቀን በአዳራሽ ውስጥም ቢሆን ያው ኖራ ነው።

ስለ ብርሃን ቀለም አንድም ቃል አለመጻፋቸው ገርሞኛል፤ በምሽት ሥራ ከባዱ ነገር ይህ ነውና። የብርሃን ቀለም በሚለካበት በኬልቪን ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ወደ ቢጫና ቀይ ያደላል፤ የፍላሽ ብርሃን 5500 ኬልቪን ያህል ስለሆነ ወደ ቀትር ፀሐይ ይቀርባል፤ የቤት አምፖል 2700 አካባቢ፣ ጧፍ ደግሞ 1900 አካባቢ ነው። ጥንዶቹን በነጭ ፍላሽ፣ ከኋላቸው ያለውን ሱቅ በቢጫ አምፖል አድርጎ ማንሳት ሰዎቹን ከሌላ ቦታ ተቆርጠው የተለጠፉ ያስመስላቸዋል፤ ብዙ ሰው «ይህ ፎቶሾፕ ነው» የሚለው እዚህ ላይ ነው። ፍላሹ ላይ ብርቱካናማ ስስ ፕላስቲክ መሸፈን ሁለቱን ብርሃን ያስታርቃል። የማይታረቅም አለ። ያ ያረጀው ቢጫ የሶዲየም የመንገድ መብራት የሚያወጣው አንድ ዓይነት ቢጫ ብቻ ነው ለማለት የሚያስደፍር ስለሆነ፣ ከሥሩ የቆመች አረንጓዴ የለበሰችም ቀይ የለበሰችም ሴት ቡኒ ለብሳ ትወጣለች፤ በኮምፒውተር የሚመለስ ቀለም የለም፣ መጀመሪያውኑ አልነበረምና። ከእንዲህ ያለው መብራት ሥር ጥንድ አላቆምም፤ ከሩቅ በጀርባ እጠቀምበታለሁ እንጂ። አዲሶቹ የኤል ኢ ዲ መብራቶች በበኩላቸው ቀለማቸው ይሻላል፤ ርካሾቹ ግን የኃይል መስመራችን 50 ኸርዝ በመሆኑ በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላሉ፤ ለዓይን አይታወቅም፣ ካሜራ ላይ ግን ጥቁር መስመር ይዘረጋሉ። ሹተሩን 1/50 ወይም 1/100 ማድረግ መስመሩን ያጠፋል።

ደግሞም «ማታ» ሲባል ድቅድቅ ጨለማ ብቻ ለምን ይታሰባል? ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ሰማዩ ጠቆር ያለ ሰማያዊ የሚሆንባት፣ ብርሃኑ ከከተማው መብራት ጋር የሚመጣጠንባት አጭር ጊዜ አለች። ወደ ሰሜን ዋልታ በቀረቡ አገሮች ይህች ጊዜ ትረዝማለች፤ እኛ ዘንድ ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትወርድ ከሩብ ሰዓት እስከ ሃያ ደቂቃ ብቻ ትቆያለች። ደሴ ላይ በኅዳር ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው፤ በሐምሌ እስከ 12 ሰዓት ከ50 ትዘገያለች። ከምዕራብ ቶሳ ስለሚጋርዳት ግን ከተማው ጥላ ውስጥ የሚገባው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው፤ ይህንን የማያውቅ ፎቶ አንሺ መሸብኝ ብሎ ዕቃውን ይሰበስባል፣ የሚያውቀው ደግሞ ገና ትራይፖዱን ይዘረጋል። በእነዚያ ሃያ ደቂቃዎች ውስጥ የቶሳ ጫፍ በሰማዩ ላይ ተለይቶ ይታያል፣ መብራቱም በርቷል፣ የጥንዶቹም ልብስ ቀለሙን አልጣለም።

ጭጋጉንም ላንሳ። ደሴ ጭጋጓ ያስመርራል፤ ለምሽት ፎቶ ግን የተላከ ሲሳይ ነው። ጥንዶቹ ከቆመ ባጃጅ ፊት ጥቂት እርምጃ ራቅ ብለው እንዲቆሙ አድርጎ የባጃጁን መብራት ከኋላቸው ማብራት፣ ጭጋጉን ራሱን መጋረጃ ያደርገዋል። ብርሃኑ በዙሪያቸው ይበተናል፣ የጠጉራቸውን ዳር ያሳያል፣ ብርድ ከሆነም ትንፋሻቸው ይታያል። ባለ ባጃጁ «መብራቴን ነው የምትከራየው?» ብሎ የሚያስቅ ዋጋ ሲጠይቀኝ ሁለት ሦስት ጊዜ ከፍያለሁ፤ አልተቆጨሁም።

ሁለተኛው ነጥብ የዕቃ ዋጋ ነው። ዕቃ መወደዱን አልክድም፤ ነገር ግን ለምሽት ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ውድ ካሜራ ሳይሆን ከካሜራ ተነቅሎ የሚበራ አንድ ተራ ፍላሽ፣ አንድ የሬዲዮ ማስነሻና የማይነቃነቅ መቆሚያ ነው። ብርሃን የሚያለዝበው የጨርቅ ሳጥን ማለትም ሶፍትቦክስ የሌለው ነጠላ ደርቦ ይጋርድበት፤ እኔ ለሁለት ዓመት የሠራሁት በእናቴ ነጠላ ነው። ነጭ ግድግዳ ወይም ነጭ መኪና ካገኘ ፍላሹን ወደዚያ አዙሮ ያንጸባርቅ። የስልክ ካሜራ እንኳ በምሽት ስልቱ ብዙ ፎቶ በተከታታይ አንስቶ አንድ ላይ ስለሚያዋህድ፣ ስልኩ ድንጋይ ላይ ተደግፎ ጥንዶቹ ዝም ብለው ከቆሙለት ያላሰቡትን ያወጣል። በዚህ ነጥብ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ሦስተኛው ነጥብ ሐሰት የሚለው ነው፤ ማስረጃ ያደረጉትም ጥንዶቹን የምታክል ጨረቃና በኮከብ የተሞላ ሰማይ ነው። የተለጠፈ ጨረቃ የሞላ መሆኑን አምናለሁ፤ ከቶሳ በላይ በሰሜን በኩል የወጣች ሙሉ ጨረቃም አይቻለሁ፣ የለጠፈው ሰው ጨረቃ ከየት እንደምትወጣ እንኳ አልጠየቀም። ትልቅ ጨረቃ ሁሉ ግን ሐሰት አይደለም። ጨረቃ ለዓይናችን የግማሽ ዲግሪ ያህል ስፋት አላት፤ አንድ ሰው ከእኛ 200 ሜትር ያህል ርቆ ሲቆም ቁመቱ ከዚያ ስፋት ጋር ይተካከላል። ስለዚህ ጥንዶቹን በስተምሥራቅ ባለ ጉብታ ላይ አቁሞ 200 ሜትር ወደ ኋላ በመሄድ በ400 ሚሊሜትር ሌንስ የሚያነሳ ሰው ምንም ሳይለጥፍ በቁመታቸው ልክ የሆነች ጨረቃ ያገኛል። በ50 ሚሊሜትር ሌንስ ከቅርብ ካነሳቸው ያቺው ጨረቃ የምስር ፍሬ ናት። የሚጠይቀው ስሌትና ትዕግሥት ነው፦ ሙሉ ጨረቃ የምትወጣው ፀሐይ ስትገባ ገደማ ነው፤ በማግስቱ በአማካይ 50 ደቂቃ ያህል ትዘገያለች፤ ስለዚህ ለዚህ ሥራ ያለው ምሽት በወር አንድ ወይም ሁለት ብቻ ነው፤ ደመና ከመጣም ለሚመጣው ወር ነው። እኔ ራሴ ወደ ኩታበር በሚወስደው መንገድ ላይ ሦስት ወር ተመላልሼ አንድ ፎቶ አግኝቻለሁ። ጥንዶቹ በመካከሉ ልጅ ወልደው ነበር ብል ግን ጸሐፊው አያምኑኝም፣ አልልም።

የጨረቃ ብርሃን ብቻውንም ያበራል። ሙሉ ጨረቃ ከፀሐይ ብርሃን አራት መቶ ሺህ እጅ ያህል ብታንስም፣ በአይ ኤስ ኦ 1600 እና በአፐርቸር 2 ሹተሩን ሁለት ሰከንድ ያህል መክፈት ሜዳውንም ሰዎቹንም ለማሳየት ይበቃል፤ ሁለት ሰከንድ ትንፋሽ ይዞ መቆም ደግሞ ማንም አያቅተውም። ኮከቡም እንዲሁ ነው፤ በ24 ሚሊሜትር ሌንስ 20 ሰከንድ ያህል ቢከፈት ኮከቦቹ ብዙም ሳይጎተቱ ይመዘገባሉ፣ ጥንዶቹም በመጀመሪያው ቅጽበት አንድ ጊዜ ደከም ባለ ፍላሽ ይመታሉ። ለዚህ ከከተማ ራቅ ማለትና ጨረቃ የሌለበትን ምሽት መምረጥ ያስፈልጋል፤ ወሎ ላይ በልግ አለና ከየካቲት እስከ ግንቦት ሰማዩን ማመን አይቻልም፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ይሻላል። የኮምፒውተር ሥራን በሙሉ ሐሰት ማለታቸው ግን ከእርሳቸው አልጠበቅሁትም። በጨለማው ክፍል ውስጥ በእጃቸው እየጋረዱ ፊት ያነጡ፣ ሰማይ ያጠቆሩ አልነበረምን?

አራተኛው ነጥብ ከባዱ ነው፤ በዚህ ላይ ረዘም እላለሁ። ወንድና ሴት በጨለማ ደጅ መታየታቸው ለእኛ ነውር ነው፣ ፎቶ አንሺም የዚህ አጋዥ መሆን የለበትም ይላሉ። በዚህ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተቋጥረዋል።

አንደኛው ምሽት ለወሎ ባዕድ ነው የሚለው ነው። ወሎ ደስታውንም ጸሎቱንም ማታ ሲያደርግ የኖረ አገር ነው። የገና ዋዜማ ላሊበላ ላይ ጧፍ ይዞ የሚያድረው ሕዝብ፣ በመውሊድ ጀማ ንጉሥ ላይ መንዙማ እየሰማ የሚያነጋው ሕዝብ ከጨለማ ጋር አልተጣላም። ሠርጉስ ቢሆን ሙሽሪት ከጓደኞቿ ጋር ተሰብስባ እንሶስላ የምትሞቀው፣ ዘፈኑ የሚደምቀው መቼ ነው? «የቅርብ ጊዜ ፋሽን» የሚለውም ቢሆን ለእኛ ከተማ እንጂ ለሙያው አይሠራም፤ በፈረንጆቹ 1930ዎቹ መጀመሪያ ብራሳይ የተባለው ፎቶ አንሺ በፓሪስ ጎዳናዎችና ቡና ቤቶች ፍቅረኛሞችን በሌሊት ያነሳ ነበር፤ ዛሬ የምንይዘው የኤሌክትሪክ ፍላሽም አባቱ በዚያው ዘመን የሠራው አሜሪካዊው መሐንዲስ ሃሮልድ ኤጀርተን ነው። እኔ የማነሳቸው ጥንዶች ደግሞ ብቻቸውን አይመጡም። ሚዜ አለ፣ እህት አለች፣ ሾፌር አለ፣ ብዙ ጊዜ ዳቦና ቆሎ የያዙ አንዲት አክስትም አይጠፉም፤ ከካሜራው ኋላ የሚቆመው ሰው ከፊቱ ከሚቆመው ይበልጣል።

ሁለተኛው ግን እውነተኛ ነውር ነው፤ ጸሐፊው ቀርበውት ሳይነኩት አልፈዋል። ነውሩ ጥንድን ሳያውቁት በጨለማ ማንሳት ነው። ይህ በሙያችን ታሪክ ውስጥ አለ፤ አንዳንዱም በጥበብ ስም ይከበራል። ዊጂ ተብሎ የሚታወቀው የኒው ዮርክ ፎቶ አንሺ በፈረንጆቹ 1940ዎቹ ዓይን በማያየው ኢንፍራሬድ ብርሃን በባሕር ዳርቻና በሲኒማ ቤት ጨለማ ውስጥ ፍቅረኛሞችን አንስቷል። በ1970ዎቹ ደግሞ ጃፓናዊው ኮሄይ ዮሺዩኪ በቶኪዮ መናፈሻዎች በሌሊት ጥንዶችንና ተደብቀው የሚያዩዋቸውን ሰዎች በዚያው በኢንፍራሬድ ስልት አነሳ፤ በ1979 ሲያሳያቸውም አዳራሹን አጨልሞ ለተመልካቹ የእጅ ባትሪ አደለ፤ ተመልካቹም ራሱ አጮላቂ እንዲሆን ነው። የኤግዚቢሽኑን ብልሃት አደንቃለሁ። በመናፈሻው ሣር ላይ ከነበሩት አንዷ እህቴ ብትሆን ግን እንደማላደንቅ አውቃለሁ።

የእኛ አገር ሕግ በዚህ ላይ ግልጽ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የአንድን ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየት፣ ማባዛትም ሆነ ለሽያጭ ማቅረብ እንደማይቻል ይደነግጋል፤ ለሕዝብ ጉዳይና በአደባባይ ለሚደረጉ ሥርዓቶች የተተዉት ልዩ ሁኔታዎች በሚቀጥለው አንቀጽ ተዘርዝረዋል። ከቧንቧ ውሃ እስከ ፒያሳ ባሉ ፎቶ ቤቶች መስታወት ላይ ከተለጠፉት ሙሽሮች ስንቶቹ ተጠይቀው ነው? ይህ የቀን ፎቶም ጥፋት ነው፤ ቀን ስለተነሳ አይነጻም። እኔ ሁለት ፈቃድ እጠይቃለሁ፦ አንዱ ለማንሳት፣ ሌላው ለማሳየት። አንድ የሙሽሪት አባት ከኒካሑ በኋላ በተነሳ ፎቶ ላይ «ልጄ፣ አንሳቸው፤ ከቤታችን ግን አይውጣ» ብለውኝ ፋይሉን በፍላሽ ዲስክ ሰጥቼ ከእኔ ዘንድ ያለውን በፊታቸው አጥፍቻለሁ። ከሥራዎቼ ሁሉ ያማረው ያ ነበር፤ ለማንም አሳይቼው አላውቅም።

እንዲያውም ገበናን በመሸፈን ረገድ ምሽት ከቀን ይሻላል ብዬ እከራከራለሁ። ፊታቸው እንዲታይ የማይፈልጉ ጥንዶች ብዙ ናቸው፤ በቀትር ፀሐይ ፊትን ለመሸሸግ ጀርባ ማዞር እንጂ ሌላ መላ የለም። በምሽት ግን ፍላሹን ጨርሶ አጥፍቶ፣ በራ ባለው ሱቅ ወይም ገና ባልጠቆረው ሰማይ ፊት አቁሞ፣ ለሰማዩ ብቻ አስተካክሎ ማንሳት ጥንዶቹን ጥላ ብቻ ያደርጋቸዋል። የነጠላው አጣጣል፣ የሻሹ አስተሳሰር፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ይታያል፤ ማን እንደሆኑ የሚያውቀው የሚያውቃቸው ሰው ብቻ ነው። ከሁሉ በላይ የቤተሰብ ሽማግሌዎችን ያስደሰተልኝ ፎቶ ይህ ዓይነቱ ነው።

አምስተኛው ነጥብ ደኅንነትና ብርድ ነው፤ በግማሹ እስማማለሁ። ሰዓት እላፊ በታወጀበት ጊዜ፣ መንገዱ ባልታመነበት ጊዜ የምሽት ፎቶ የለም፤ ቀብድ መልሼ የተውኋቸው ሥራዎች አሉ። በደኅናው ጊዜ ግን ከላይ እንዳልሁት ሰማያዊዋ ጊዜ 1 ሰዓት ከሩብ ሳይሆን ታልፋለች፤ ሁሉም ሰው ለራት ቤቱ ይደርሳል። እኩለ ሌሊት ገደል አፋፍ የሚወጣ ፎቶ አንሺ ካለ ጸሐፊው ይገሥጹት፣ እኔም አግዛቸዋለሁ። ብርዱም እውነት ነው፤ ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናትና በኅዳርና በታኅሣሥ ትከሻዋ በተራቆተ ቬሎ የቆመች ሙሽራ ከንፈሯ ሲጠቁር በፎቶው ላይ ይታወቃል። ስለዚህ ጋቢ እይዛለሁ፤ ብርሃኑን የማስተካክለው በሚዜዎቹ ላይ ነው፤ ሙሽሪት ጋቢዋን የምትጥለው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ለአንድ ደቂቃ ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ጋቢው አብሮ እንዲገባ እመክራለሁ፤ ሁለት ሰው በአንድ ጋቢ ከማንኛውም የተጠና አቋቋም ይበልጣልና። ሌንሱም ይበርደዋል፤ ከደጁ ብርድ በቀጥታ ሰው ወደ ሞላው አዳራሽ ሲገባ ላብ ለብሶ ይታወራል። ካሜራውን በቦርሳው እንደ ተዘጋ አስገብቶ ጥቂት ማቆየት ይበቃል።

መብራት ሲሄድስ ምን ይሆናል ብለው በፌዝ ጠይቀዋል። ሄዶብኛል። አንድ ጥር ላይ ከዳገቱ ቆመን፣ ሁሉን ነገር አስተካክዬ፣ ከተማው በአንድ ጊዜ ጠፋ። ሚዜዎቹ ሳቁ፤ እኔ ልቤ ወረደ። ሩብ ሰዓት ያህል ዓይናችን ጨለማውን ከለመደ በኋላ ግን ደሴ ላይ ሆኜ አይቼው የማላውቀው ኮከብ ከላያችን ነበር። ያነሳሁት ያንን ነው። እንዲህ ያለው ዕድል በዕቅድ አይመጣምና ለጸሐፊው ፌዝ ሙሉ መልስ አድርጌ አላቀርበውም።

የመጨረሻው ነጥብ ከጨለማ ውስጥ ወሎን የሚያሳይ ፎቶ አይወጣም፣ የማታ ፎቶ የትም የተነሳ ሊሆን ይችላል የሚለው ነው። ቀን የሚታየው ገራዶ ሜዳ ማታ እንደማይታይ ግልጽ ነው። ተራራ ላይ የተንጠላጠለ ከተማ መልኩ የሚለየው ግን በመብራቱ አሰላለፍም ነው፤ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው መንገድ እየተጠማዘዘ ሲበራ፣ በመካከሉ የቦርከና ሸለቆ ጥቁር ሆኖ ሲቀር፣ አገሩን የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል። ባለፈው ዓመት አንዲት ሙሽራ ከዳገቱ ላይ ያነሳኋትን ፎቶ ጅዳ ለሚኖር ወንድሟ ላከችለት። ለዘጠኝ ዓመት አገሩን አላየም። ስለ ቀሚሷም ስለ ሙሽራውም ገና አንድ ነገር ሳይል፣ በፎቶው ግራ ጥግ ያለች አንዲት ነጥብ በቀይ ከብቦ «የእማዬ በረንዳ መብራት» ብሎ መለሰላት። ቤተሰቡ አይቶ እውነት ነው አለ። እኔ ያቺን ነጥብ ፎቶውን ሳጸዳ ብናኝ መስላኝ ላጠፋት ነበር።